ባሌ ተራሮች፦ የፍልፈልና የቀይ ቀበሮ አገር

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኦሮሚያ ክልል ይገኛል። ስፋቱ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም ሲሆን፣ በዋናነት ሁለት እንስሳትን ለመጠበቅ ታስቦ ነበር፤ የደጋ አጋዘንንና ቀይ ቀበሮን። ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር አይገኙም። በመስከረም 2016 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የዱር እንስሳት ፓርክ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ቆላ ይሄዳል፤ ዝሆን፣ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ወደተሰማሩበት ሜዳ። ባሌ ሌላ ዓይነት ቦታ ነው። ሰፊ ክፍሉን ብርድ ያጠቃዋል፣ ጭጋግ ይመላለስበታል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ነው። የእንስሳቱን ኑሮ የያዘው ደግሞ ትልቅ አውሬ ሳይሆን ከመሬት በታች የሚቆፍር አይጥ መሰል ፍጡር ነው። ይህን የተረዳ ጎብኚ የት ቆሞ ምን መመልከት እንዳለበት ያውቃል፤ ያልተረዳው ግን በእንስሳት መሐል አልፎ ባዶ ሜዳ አየሁ ብሎ ሊመለስ ይችላል።

ተራሮቹ የተሠሩት ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ እየፈለቀ በላይ በላዩ ከተነጠፈ የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ዓለም በቀዘቀዘችበት በመጨረሻው የበረዶ ዘመን አናታቸው በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ግግሩ በተንሸራተተበት ሁሉ ድንጋዩን ፍቆታል፣ አፈሩን ገፍቶታል፤ ዛሬ በሳነቴ አምባ ላይ ለሚታዩት ኩሬዎችና ለከፊሎቹ የድንጋይ ክምሮች ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ መንገደኛ በአሰላ ወይም በሻሸመኔ በኩል ዶዶላ ይደርሳል፤ ከዚያ አዳባን አልፎ ወደ ዲንሾ ይወጣል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው በዲንሾ ሲሆን ከተማዋ 3,000 ሜትር ካለፈ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በአየር መሄድ ለሚሻ ደግሞ ባሌ ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። በመኪና የሚሄድ ሰው ግን ገና ዲንሾ ሳይገባ ጋይሳይ የሚባለውን ሣራማ ሜዳ ያቋርጣል። በማለዳ ወይም ወደ ማታ ገደማ ከደረሰ መኪናውን ዳር አስይዞ መጠበቅ ይበጀዋል፤ የደጋ አጋዘን በብዛት የሚታየው እዚያ ነውና።

የደጋ አጋዘን በኦሮምኛ ገዳምሳ ይባላል። ወንዱ ግርማው የሚያስገርም እንስሳ ነው፤ ክብደቱ እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል፣ የተጠማዘዙት ቀንዶቹ ከአንድ ሜትር ሊያልፉ ይችላሉ፣ በዓይኖቹ መካከልና በአንገቱ ላይ ነጫጭ ምልክቶች አሉት። ሴቷ ቀንድ የላትም፤ በአካልም ታንሳለች። የአካባቢው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ይህ እንስሳ ለዘመናዊው ሳይንስ የተዋወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ከአፍሪካ ትላልቅ እንስሳት መካከል እንዲህ ዘግይቶ የታወቀ ጥቂት ነው፤ የመኖሪያውን ርቀትና ጥልቀት ይህ ብቻ ይመሰክራል። ፀሐይ ስትበረታ ወደ ጥዱና ወደ ኮሶው ጥላ ይገባል። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ያለው ደን ለረጅም ጊዜ ስለተጠበቀ እዚያ ያሉት አጋዘኖች ሰውን አይሸሹም፤ በእግር ቀርቦ ማየት ይቻላል።

ይህ መላመድ ተቋርጦ ያውቃል። በ1983 ዓ.ም በመንግሥት ለውጥ ወቅት ፓርኩ ያለ ጠባቂ ቀርቶ ነበር። ብዙ አጋዘን በጥይት ተገደለ፤ የተረፈውም ወደ ዱር ሸሸ። ጥበቃው ከተመለሰ በኋላ ቁጥራቸው ቀስ በቀስ አገገመ። በጋይሳይ ሜዳ ላይ ከአጋዘኑ ጋር ከርከሮ፣ ድኩላና ቦሆር አብረው ይሰማራሉ።

ከዲንሾ በሮቤ በኩል ጎባ ከተደረሰ በኋላ መንገዱ ወደ ደቡብ ታጥፎ ሽቅብ ይወጣል። ይህ ጎባን ከደሎ መና የሚያገናኘው መንገድ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬዱ የአፍሪካ መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ይነገርለታል። በመጀመሪያ የጥድና የኮሶ ዛፍ ይታያል፤ ቀጥሎ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ፣ ከዚያ አስታ። አስታው ከፍታው በጨመረ ቁጥር እያጠረ ሄዶ ቁጥቋጦ ይሆናል። በመጨረሻም ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና የሳነቴ አምባ ይከፈታል። አምባው በአማካይ 4,000 ሜትር ከፍታ አለው። በላዩ የቆመው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ነው። በአፍሪካ ውስጥ ሳነቴን የሚያህል እንዲህ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሰፊ የውርጭ ምድር የለም።

በሳነቴ ላይ የቀንና የሌሊት ልዩነት እጅግ ብርቱ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ቆዳ ትለበልባለች፤ ሌሊት ግን በተለይ በበጋ ወራት ውርጩ ውኃውን ያረጋዋል፣ የአየሩም ሙቀት ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ይወርዳል። በዚህ ምድር ለመኖር ተክሉም እንስሳውም መላ ፈጥሯል። ጅብራ ወፍራም ቅጠሉን እንደ አክሊል ደርድሮ ለብዙ ዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ ከፍ ይላል፤ ዘሩን ከበተነ በኋላ ይሞታል። ነጫጭ ዝቅተኛ ቁጥቋጦዎች ደግሞ መሬቱ ላይ ተጠጋግተው ብርዱን ይከላከላሉ።

በሌሎች አገሮች አይጥ በአብዛኛው የሌሊት እንስሳ ነው። በሳነቴ ግን ሌሊት መውጣት በብርድ መሞት ስለሆነ ብዙዎቹ አይጦች የሚንቀሳቀሱት ቀን፣ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነው። አዳኙም ታዳኙን ተከትሎ ቀን ይሠራል። በብዙ የአፍሪካ ፓርኮች ሥጋ በል አውሬ ለማየት ንጋትን ወይም ጨለማን መጠበቅ ሲያስፈልግ፣ በባሌ ግን ከአፍሪካ አውሬዎች ሁሉ ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ፣ በረባዳ ሜዳ፣ ከመኪና መንገድ ሳይርቅ ሲያድን ይታያል። ለጎብኚ ይህን የመሰለ ዕድል የሚሰጥ ቦታ ጥቂት ነው።

ከአይጦቹ ሁሉ ልዩ የሆነው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ከባሌ ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ የለም። ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፤ ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ ስለሆኑ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ከጉድጓዱ አፍ ዙሪያውን ይቃኛል። ኑሮው ከመሬት በታች በቆፈረው ረጅም ዋሻ ውስጥ ነው። ሲርበው በአንድ በኩል አዲስ ቀዳዳ ይከፍትና ገላውን ግማሽ ድረስ ብቻ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ያግዛል። የሚደርስበት ሣር ሲያልቅ ቀዳዳውን በአፈር ደፍኖ ሌላ ይከፍታል። ብዙ ጊዜ ከአጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አትጠፋም። እሱ አፈር ሲገለብጥ የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች፤ አደጋ አይታ ስትጮህም ፍልፈሉ ወደ ውስጥ ይሰወራል። አዲስ የተገለበጠ ጥቁር አፈር ያየ ጎብኚ በፀጥታ ቢቀመጥ ፍልፈሉን ማየቱ አይቀርም።

የፍልፈሉ ሥራ ከራሱ ሆድ ያለፈ ነው። አፈሩን ያገላብጣል፣ አየርና ውኃ ያስገባል፣ አሮጌ ጉድጓዱ ለሌሎች አይጦች መጠለያ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮን ይመግባል። በባሌ የቀይ ቀበሮ ምግብ ከሞላ ጎደል በሙሉ እነዚሁ አይጦችና ፍልፈሉ ናቸው። ፍልፈል በበዛበት ቀበሮ ይበዛል፤ ፍልፈል ባነሰበት ቀበሮም ያንሳል።

ቀይ ቀበሮ ረጅም ቅልጥም፣ ቀጭንና ሹል አፍ፣ እሳት የመሰለ ቀይ ጠጉር ያለው ሲሆን ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ ነው። ክብደቱ ከ11 እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል። በዘር የሚቀርበው የአውሮፓና የእስያ ግራጫ ተኩላ ነው፤ ቅድመ አያቶቹ ከእስያ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ደጋ እንደመጡ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። አኗኗሩ ሁለት መልክ አለው። ሲያድን ብቻውን ነው፤ ሲኖር ግን በመንጋ። ንጋት ላይና አመሻሽ ላይ መንጋው ተሰብስቦ ይተሻሻል፣ ይላፋል፣ ከዚያም በአንድነት የግዛቱን ድንበር እየዞረ በሽንቱ ምልክት ያደርጋል። ቀን ላይ እያንዳንዱ በየፊናው ይበተናል። ፍልፈሉ ብቅ እስኪል ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ሆዱን መሬት አስነክቶ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ከብት በሚግጥበት መሐል ገብቶ ከብቶቹን እንደ መጋረጃ እየተጠቀመ አይጥ ያድናል።

በመንጋው ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው አንዲት ዋና ሴት ናት። ግልገሎቹ የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሲሆን ቁጥራቸው ከሁለት እስከ ስድስት ነው። የቀሩት የመንጋው አባላት ጎሬውን ይጠብቃሉ፣ ያደኑትንም አምጥተው ለግልገሎቹ ይተፉላቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ሌላ ያልታሰበ ነገር ታየ። በባሌ ያሉ ቀበሮዎች ክኒፎፊያ የተባለውን፣ ቀይና ቢጫ ችቦ የመሰለውን አበባ ማር እየላሱ አፋቸው በአበባ ዱቄት ተሸፍኖ ተገኘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። አንድ ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ አበባ ያራባል ብሎ ማንም አልጠበቀም ነበር፤ ያራባ እንደሆነ ገና በምርምር ላይ ያለ ጥያቄ ነው።

ፍልፈልን የበላ ቀበሮ ብቻ አይደለም። በፓርኩ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በተባለ ቦታ ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለ የዋሻ መጠለያ በአርኪዎሎጂ ባለሙያዎች ተቆፍሯል። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በዚያ ሲመላለሱ እንደኖሩ ታወቀ። ለምግብ የጠበሱት በዋናነት ግዙፉን ፍልፈል ነው፤ የተቃጠሉ አጥንቶቹ በብዛት ተገኝተዋል። መሣሪያ የሠሩበትን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ድንጋይ ያወጡት ከዚያም ከፍ ካለ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ይህ ግኝት የሰው ልጅ በብርድና በስስ አየር ምድር መኖር የጀመረበትን ዘመን ወደ ኋላ አርቆታል። ለኢትዮጵያውያን ሊያኮራ የሚገባ ታሪክ ነው፤ ከሚገባው በታች መታወቁ ያሳዝናል።

ወፎቹን በሚመለከት በፓርኩ 280 ያህል ዝርያ ተመዝግቧል። በሳነቴ ኩሬዎች ዳር ሰማያዊ ክንፍ ያለው የኢትዮጵያ ዝይ ይታያል፤ በሰማዩ ላይ ወርቃማ ንስር ያንዣብባል። ቀይ መንቁር ያለው የተራራ ቁራ ከሰሐራ በስተደቡብ የሚኖረው በስሜንና በባሌ ብቻ ነው።

ከሳነቴ ደቡባዊ ጫፍ መሬቱ በድንገት ይሰበራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከውርጭ ምድር ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። መጀመሪያ ሽበት የበቀለባቸው የሚመስሉ አስታዎች ይታያሉ፤ ሪራ መንደርን ሲያልፉ ቀርከሃ፣ ከዚያም ዝግባና ቀረሮ። ዝቅ ሲሉ ማንም ያልተከለው ጫካ በቀል ቡና አለ፤ ነዋሪው በየዛፉ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል። በሐረና አንበሳ፣ ነብርና የአፍሪካ የዱር ውሻ ይኖራሉ፤ ደኑ ጥቅጥቅ ስላለ ግን ጎብኚ የሚያያቸው እምብዛም ነው። ሊያይ የሚችለው ጉሬዛንና የባሌ ጦጣን ነው። የባሌ ጦጣ ከምግቧ አብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል ስለሆነ ቀርከሃው በተቆረጠበት ቦታ ኑሮዋ ይናጋል። በደኑ ውስጥ ከባሌ ውጭ በየትም የማይገኙ እንቁራሪቶችም አሉ።

ከእንስሳቱ ባልተናነሰ የሚያስፈልገው የፓርኩ ሀብት ውኃ ነው። ደኑና በአምባው ላይ ያለው ረግረግ የዝናቡን ውኃ ይዘው ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያሉ ይለቁታል። ዌብ፣ ወልመልና ዱማል ከዚህ ይነሣሉ፤ የዋቤ ሸበሌና የገናሌ ገባሮችም እንዲሁ። ዌብ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ገናሌ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ በሶማሊያ ጁባ ይሆናል። በሚሊዮን የሚቆጠር የቆላ ሕዝብና ከብት የሚጠጣው ውኃ ምንጩ እዚህ ስለሆነ፣ በሳነቴ ያለ ረግረግ ሲደርቅ የሚጎዳው ባሌን አይቶት የማያውቀው አርብቶ አደር ነው።

በፓርኩ ውስጥና በዙሪያው ሰው ይኖራል፤ ዛሬ የጀመረ ነገርም አይደለም። ጎዳንቱ በሚባለው ሥርዓት አርብቶ አደሩ ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ እያዘዋወረ ያሰማራ ነበር፤ ከብቱ ማዕድን ያለበትን ሆራም ይጠጣ ነበር። ከብቱ በወቅቱ መጥቶ በወቅቱ ሲመለስ ሣሩ የሚያገግምበት ጊዜ ያገኛል። አሁን ግን ቋሚ ሰፈራው ጨምሯል፤ የከብቱም ቁጥር እንዲሁ። ሣሩ ሲመናመን ፍልፈሉ ይቀንሳል፣ ፍልፈሉ ሲቀንስ ቀበሮው ይራባል። በቅጠልና በማገዶ ስም የሚቆረጠውና በእሳት የሚጠፋው አስታም ቀላል ጉዳት አይደለም። ኑሮው በዚሁ መሬት ላይ የተመሠረተው ገበሬ አማራጭ ሳያገኝ ችግሩን እሱ ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም፤ መፍትሔውም ያለ እሱ ፈቃድ አይመጣም።

ከሁሉ ፈጣኑ ገዳይ ግን በሽታ ነው። እረኛው ከብቱን ከጅብና ከነብር ለመጠበቅ ውሻ ይዞ ይወጣል። ውሻው ያልተከተበ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታንና ዲስቴምፐር የተባለውን የውሻ ወረርሽኝ ወደ ቀበሮው ያሸጋግራል። ቀበሮዎች በመንጋ እየተላላሱ ስለሚኖሩ በሽታው አንዱን ከያዘ ሁሉንም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1992 የባሌ ቀበሮዎች በእብድ ውሻ በሽታ በብዛት አለቁ። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ በተነሣው ወረርሽኝ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞቱ። ያን ጊዜ ባለሙያዎች በሸለቆው ዳርና ወደ ሌሎች መንጋዎች በሚያሻግሩ ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉ ቀበሮዎችን እየያዙ በመርፌ ከተቡ፤ ወረርሽኙም ከዚያ አልተሻገረም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በባሌ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ የገበሬ ውሾችን ይከትባል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ፣ ቀበሮው በአፉ የሚወስደው ክትባት በሥራ ላይ ዋለ።

በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው። የቀሩት በአርሲ፣ በስሜን፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ከፍተኛ ቦታዎች ተበታትነዋል። ከጮቄ ተራራ ጠፍተዋል። እነዚህ ቦታዎች በእርሻ ስለተከበቡ ከአንዱ የጠፋውን ከሌላው መጥቶ የሚተካው የለም።

ለጉብኝት የሚስማማው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይቀላል፣ የቀበሮ ግልገሎችም ከጎሬ መውጣት የሚጀምሩት በዚሁ ሰሞን ነው። ሌሊቱ ግን እጅግ ይበርዳል፤ ወፍራም ጋቢ ወይም ካፖርት፣ ኮፍያና ጓንት ያስፈልጋል። ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ወደ ሳነቴ ባይወጣ ይመረጣል፤ በዲንሾ ወይም በጎባ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር ሰውነትን ከስሱ አየር ያላምዳል። ብርቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መደናገር ከተሰማ መድኃኒቱ ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው።

የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው በዲንሾ ጽሕፈት ቤት ነው፤ አስጎብኚና የጭነት ፈረስም እዚያው ይገኛል። አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚ መያዝ ለነዋሪው ገቢ ከመሆኑ ሌላ ጎብኚው ብቻውን የማያገኘውን ጎሬና የፍልፈል ሜዳ ያሳየዋል። የሳነቴን መንገድ በዝግታ መንዳት ይገባል፤ በመኪና የተገጩ ቀበሮዎች አሉና። ለቀበሮ ምግብ መወርወር፣ ወደ ጎሬ መጠጋት፣ ውሻ ይዞ መግባትና በአስታው ውስጥ እሳት ማንደድ ሁሉም ጉዳት ያመጣሉ። የሚንገዳገድ፣ ሰውን የማይፈራ ወይም ሞቶ የወደቀ ቀበሮ ያየ ሰው ሳይነካው ቦታውንና ሰዓቱን መዝግቦ ለጽሕፈት ቤቱ ወይም ለቅርቡ ጠባቂ ይነግራል። ወረርሽኝ በመጀመሪያው ሳምንት ከታወቀ ክትባቱ ሊቀድመው ይችላል።